ዴሲቤል ምንድን ነው? ጆሯችንስ ስንት ይችላል?

ዴሲቤል የድምፅን ጉልበት የምንለካበት አሃድ ነው። ግን እንደ ኪሎና ሊትር አይቆጠርም፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ከ80 ወደ 90 ሲወጣ “ትንሽ ጨመረ” እንላለን። ጉልበቱ ግን 10 እጥፍ ሆኗል። 100 ሲደርስ ደግሞ የ80ው 100 እጥፍ። 3 ዴሲቤል ብቻ ሲጨመር እንኳ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

ሁለት ሰዎች ቡና እየጠጡ ሲያወሩ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ይሄ ማንንም አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፣ በሳምንት። 90 ከሆነ 4 ሰዓት። 100 ከሆነ 20 ደቂቃ ገደማ፣ ያውም ለሳምንቱ በሙሉ! ስለዚህ “ይሄ ድምፅ ይጎዳል?” ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። “ስንት ሰዓት?” የሚለውም አብሮ ይመጣል።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ግቡ። በርሜል የሚቀጠቅጠውን ልጅ ከኋላው ብትጠሩት አይዞርም፤ ትከሻውን መንካት ያስፈልጋል። ብረት በመዶሻ ሲመታ በቀላሉ 100ን ያልፋል፣ እሱ ደግሞ እዚያው ይውላል። “ለምጄዋለሁ” ይላል። ጆሮ ግን ድምፅ አይለምድም። የለመደ ሲመስል ብዙውን ጊዜ መስማት እየቀነሰ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፣ መልእክቱንም ወደ አንጎል ይልካሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲበዛባቸው ይሞታሉ፣ ከሞቱም አይተኩም። (ዶሮ ታድላለች፤ የሷ መልሶ ይበቅላል።) መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጭን ድምፆችን የሚይዙት ናቸው። “ሳቀ” ይሁን “ፋቀ” መለየት ያቅታል። ሰውዬው ታዲያ ጆሮዬ ደከመ አይልም፤ “የዛሬ ልጆች አፋቸውን አፍነው ነው የሚያወሩት” ይላል እንጂ።

ከሜክሲኮ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኢርፎን የሰኩትን ደግሞ አስቡ። ሞተሩ፣ ክላክሱ፣ የረዳቱ ጥሪ አለ። ያንን ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍቱታል። ሲወርዱ ጆሯቸው ጭው ካለ፣ የሳምንቱን ድርሻ መብላት ጀምረዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ዓይነት አደጋ ውስጥ ናቸው ይላል። የስልኩን ድምፅ ከ60 በመቶ አለማሳለፍ ጥሩ ልማድ ነው።

የመስማት ችግር ሁሉ ከጩኸት አይመጣም። ሕፃናት ላይ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና ቶሎ ያልታከመ የሚመግል ጆሮ ብዙ ጥፋት ያደርሳሉ። እንደ ጀንታማይሲን ያሉ መርፌዎችም ያለ ሐኪም ክትትል ከተወሰዱ ጆሮ ይጎዳሉ። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱን በክብሪት እንጨት ከመቆፈር የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሴሎቹ ከሞቱ ግን መስሚያ መሣሪያ ያግዛል እንጂ የድሮውን ጆሮ አይመልስም።

መለኪያ ከሌላችሁስ? አንድ ክንድ ርቆ ያለ ሰው እንዲሰማችሁ መጮህ ካለባችሁ፣ ቦታው 85 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይረዳም፤ የስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ይሻላል። እሱም ከሌለ ራቅ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ጆሮ የሚችለው ጊዜም 4 እጥፍ ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስ ይህን ያህል አይቀንስም። ቢሆንም የሰርግ ካርድ ይዛችሁ ስትገቡ፣ ከሞንታርቦው ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለዘግይቶ መጪ ተዉለት።