ኤም ዲ ኤምን ከሠራተኞች ማውጫ ጋር ማገናኘት ምንድን ነው?

ጅማ አካባቢ ቡና ለሚገዛ ድርጅት ጥቅምት የግርግር ወር ነው። እሸቱ ሲቀላ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ መዛኝ፣ መዝጋቢ፣ ገንዘብ ከፋይ። ለእያንዳንዱ ታብሌት ይሰጠዋል። አንዱ ጎማ ወረዳ፣ አንዱ ጌራ፣ አንዱ ሊሙ ይወጣል። ቡናው ሲያልቅ ሰውም ታብሌትም ይመለሳል። ሰውየው ሁልጊዜ፣ ታብሌቱ አልፎ አልፎ።

የእኔ ሥራ እነዚህን ታብሌቶች መከታተል ነው። ቢሮ ውስጥ “ኤም ዲ ኤሙን ከማውጫው ጋር አገናኘነው” ስል ታዲያ ሰው ዝም ብሎ ያየኛል። እስቲ ላስረዳ።

ኤም ዲ ኤም የመሥሪያ ቤቱን ስልኮችና ታብሌቶች ከአንድ ቦታ ሆኖ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። አፕ ይጭናል፣ ፓስወርድ ያስገድዳል፣ የጠፋውን ይቆልፋል፣ ካስፈለገም ውስጡን ያጠፋል። ችግሩ፣ ብቻውን ሲሆን የሚያውቀው ዕቃውን ነው። ሰውየውን አያውቀውም። “ይህ ታብሌት የማን ነው?” ብትሉት በእጃችሁ የሞላችሁትን ስም መልሶ ይነግራችኋል።

ሰውን የሚያውቀው ማውጫው ነው። ማን እንደተቀጠረ፣ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ፣ ኢሜይሉ ምን እንደሆነ እዚያ አለ። ዊንዶውስ ባለበት ቢሮ ብዙውን ጊዜ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው፤ ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር የመጣው። ጠዋት ኮምፒውተራችሁን ስትከፍቱ ስምና ፓስወርዳችሁን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ማገናኘት ማለት እንግዲህ ኤም ዲ ኤሙ የራሱን የስም ዝርዝር መያዙን ትቶ ማውጫውን እየጠየቀ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ሳይገናኙ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጫላ የሚባል ልጅ ተቀጠረ እንበል። የሰው ኃይል ክፍል ስሙን በቁቤ ጻፈው፤ በሲ ጀምሮ፣ አናባቢዎቹን ደርቦ። ሒሳብ ክፍል የባንክ ደብተሩን አይቶ በሲና በኤች ጻፈው። እኔ ደግሞ ኤም ዲ ኤሙ ላይ እንደመጣልኝ ሞላሁት። አንድ ሰው ሦስት ሆነ። ቀመሪያማ በኪውም አለች፣ በኬም አለች። ጫላ ሥራ ሲለቅ አንዱ ጫላ ይዘጋል፤ ሁለቱ ሥራ ላይ ናቸው። ማውጫ ሲኖር ግን ስሙ አንዴ ይጻፋል። ቢሳሳትም ሁሉም ጋ እኩል ይሳሳታል፤ ማረሚያውም አንድ ቦታ ነው።

ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤልዳፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ አሮጌ ነገር ነው፤ እስከዛሬ ግን አለ። ኤም ዲ ኤሙ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የፖርት ቁጥሩን (ሰርቨሩ ውስጥ የሚገባበትን በር)፣ ፍለጋው የሚጀመርበትን ቅርንጫፍና ማውጫውን ማንበብ የሚችል አንድ አካውንት ይጠይቃችኋል። ፖርቱ 389 ወይም 636 ነው። 636ን ምረጡ። በ389 በኩል ምስጠራ ካልተጨመረበት የሠራተኛው ፓስወርድ ራቁቱን ነው የሚሄደው።

ቅርንጫፉ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። እኛ አድራሻ ስንናገር ከትልቁ እንጀምራለን፤ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ ቤቱ። ማውጫው የሚጽፈው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው፣ ከዚያ ክፍሉ፣ መጨረሻ ላይ ድርጅቱ። ለኤም ዲ ኤሙ የምትሰጡት ከየት ጀምሮ ቁልቁል እንደሚፈልግ ነው። “ዋና ቢሮ” ብላችሁ ከሰጣችሁት የጌራን መዛኞች አያያቸውም።

አካውንቱ ላይ እኔ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። በፊት በሠራሁበት ቦታ ለማገናኛው እንደማንኛውም ሠራተኛ ተራ አካውንት ከፈትኩ። ሁሉም ሠራ። ከሳምንታት በኋላ አዲስ ታብሌት የሚመዘገብ ሁሉ “ፓስወርድ ስህተት ነው” ይባል ጀመር። የቆዩት ታብሌቶች ደህና ስለሆኑ ሰዎቹ ናቸው የተሳሳቱት ብዬ ሁለት ቀን ተከራከርኩ። በኋላ ሎጉን፣ ማለትም የስህተት መዝገቡን፣ ሳይ “ዳታ 532” ይላል። ፓስወርዱ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። የሠራተኞቹ ሳይሆን የእኔው ማገናኛ! አክቲቭ ዳይሬክተሪ ካልቀየራችሁት በቀር ፓስወርድን በ42 ቀን ያስረጀዋል። ለማገናኛ የሚሆን አካውንት ለብቻው ይከፈታል፤ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ፓስወርዱ የሚታደስበት ቀንም ካላንደር ላይ ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። “መዛኞች” የሚል ግሩፕ ማውጫው ላይ ካለ፣ እዚያ የገባ ሁሉ የሚዛኑ አፕ ይጫንለታል። ማውጫው ክላውድ ላይ ከሆነ፣ እንደ ማይክሮሶፍት ኤንትራ አይዲ፣ መንገዱ ይለያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

የማገናኘቱ ዋና ጥቅም የሚታየው ግን ሰው ሲለቅ ነው። ክሊራንስ ያዞረ ያውቀዋል። ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ሒሳብ ይፈርማል፣ አይቲው የለም፣ ነገ ተመለስ። ሲገናኙ የሰው ኃይል ክፍል አሳውቆ አካውንቱ ማውጫው ላይ ሲዘጋ ኤም ዲ ኤሙ ወሬውን ይሰማል። ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ግን እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ አካውንት ስለተዘጋ ብቻ ታብሌቱ በራሱ አይጠፋም። ይቆለፍ? ይጥፋ? ደንቡን አስቀምጡ፤ መጀመሪያም በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ሰውየው በግል ስልኩ የሚሠራ ከሆነ የሥራውን ክፍል ብቻ አጥፉ። የሰው የሠርግ ፎቶ አጥፍታችሁ እርግማን አትግዙ።

ደግሞ ትዕዛዙ የሚደርሰው ኔትወርክ ሲኖር ነው። ባለፈው ወቅት ጌራ የነበረ አንድ መዝጋቢ ሥራው አልቆ አካውንቱ ሰኞ ተዘጋ። ታብሌቱ ግን ዝም። ማክሰኞም ዝም። ረቡዕ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

“ጋሼ፣ አጋሮ ስደርስ ታብሌቱ ተቆለፈ! ምን አደረግኩ?”

“አሁን የት ነህ?”

“መኪና ውስጥ። ላስረክባችሁ እየመጣሁ ነበር እኮ!”