«ኧርሊ ዲሲዥን» ላይ ከመፈረም በፊት

በአሜሪካ ኮሌጆች «ቀድሞ ማመልከት» ሲባል አንድ ነገር ብቻ ማለት አይደለም። «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚያስር ስምምነት ነው፤ ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርሙበታል፣ ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይዘጋል፣ መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይደርሳል፣ ተማሪው ተቀባይነት ካገኘም ሌሎች ማመልከቻዎቹን ሁሉ ሰርዞ እዚያው ይገባል። ብራውን፣ ኮሎምቢያና ኮርኔል የሚሠሩት በዚህ ነው። «ኧርሊ አክሽን» ግን መልሱን ያስቀድማል እንጂ አያስርም። ሃርቫርድ፣ ዬልና ስታንፎርድም አያስሩም፤ ሆኖም በዚያው ወቅት ለሌላ የግል ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከትን በአብዛኛው ይከለክላሉ።

በኧርሊ ዲሲዥን ካመለከቱት ውስጥ ተቀባይነት የሚያገኙት መቶኛ ከፍ ይላል የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ አስቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞችንም ስለሚጨምር የልጅዎን ዕድል በቀጥታ አያሳይም።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ተማሪው የተለያዩ ኮሌጆችን የእርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማወዳደር ዕድሉን ያጣል። የተሰጠው እርዳታ ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነውን ወጪ የማይሸፍን ከሆነ ከስምምነቱ መውጣት ይፈቀዳል፤ ያ ግን የሚሆነው ልጁ ደስታውን ለዘመድ ሁሉ ካበሰረ በኋላ ነው። ስለዚህ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የሚገኘውን የወጪ ማስያ፣ የታክስ ወረቀታችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር በኦክቶበር ሙሉት። የሚወጣውን ቁጥር በየዓመቱ መክፈል የማትችሉ ከሆነ፣ ኮሌጁ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ አትፈርሙ እላለሁ።