ሜዲኬር ለጭንቀት አኩፓንቸር ይከፍላል?

አሜሪካ ወላጅ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምንጠያየቀው ነገር ነው። መደበኛው ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አኩፓንቸር (በቀጫጭን መርፌዎች የመውጋት ሕክምና) የሚሸፍነው ለአንድ ሕመም ብቻ ነው፤ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ፣ መነሻው በውል ላልታወቀ የታችኛው ወገብ ሕመም። በ90 ቀን እስከ 12 ጊዜ ይፈቅዳል፤ መሻሻል ካለ 8 ይጨምራል። ለጭንቀት፣ ለድብርት ወይም ለእንቅልፍ እጦት አይከፍልም።

ለምሳሌ እናትዎ ለወገባቸው እየተወጉ ጭንቀታቸውም ቀለል ካላቸው እሰየው ነው። «አሁን ደግሞ ለጭንቀቴ ልቀጥል» ካሉ ግን ሂሳቡ ከኪሳቸው ነው። መርፌውም ባለሙያውም ያው መሆናቸው ለውጥ አያመጣም።

እንደ ፕላኑ የሚለያየው ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል የመድን ድርጅቶች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ነው። አንዳንዱ ተጨማሪ ሽፋን አለው። ሲደውሉ «አኩፓንቸር ትሸፍናላችሁ?» ብቻ አይበሉ፤ «አዎ» ይሉዎትና ሂሳቡ ሲመጣ ጉድ ይፈላል። «ለጭንቀት ነው» ብለው ቁርጡን ይጠይቁ።

የሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና) ሽፋን ግን መደበኛው ሜዲኬር ውስጥም አለ።