«ሲስተር፣ ምከሪልኝ» ለምትሉኝ

ሀዋሳ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሰው ልጁን፣ እህቱን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይመጣና «ሲስተር፣ እባክሽ ምከሪልኝ» ይለኛል። «እርስዎስ አዳምጠዋታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኧረ ስንቴ መከርኳት!» ይባላል። የጠየቅኩት ሌላ፣ የተመለሰልኝ ሌላ። ስለ ማዳመጥ የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ስለሰለቹኝ አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ማዳመጥ ማለት መምከር ነው»

አይደለም! ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አንዲት ሴት «እንቅልፍ አጣሁ» ስትል ወሬዋን ሳትጨርስ መልሱ ይዘንብባታል። «አይዞሽ፣ አታስቢ»፣ «ጸልዪበት»፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ»። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚባለው፤ አውቃለሁ። ግን «አታስቢ» ስለተባለች ማሰቧን አታቆምም፤ መናገሯን ነው የምታቆመው። «የባሰ አለ» ስትባል ደግሞ በጭንቀቷ ላይ ሀፍረት ይጨመርባታል።

አንዲት ልጅ ላንሳ። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልትሠራ ከገጠር መጥታ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። መብላት አቆመች። ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ጓደኞቿ መከሯት፣ አከራይዋ መከሯት፣ ከአገር ቤት አክስቷ በስልክ መከረቻት። ሁሉም «የቤት ናፍቆት ነው» ብለው ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ምክሬ አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩትና ዝም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል እየቆየች፣ እየተቆራረጠች ተናገረች። ለካ ከሥራ ከወጣች ሦስት ወሯ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ሠራተኛ ለብሳ ትወጣና ማታ ትመለሳለች። ለእናቷ የምትልከውን ብር ከሰው ትበደራለች። ያ ሁሉ ሰው ሲመክር የከረመው በሌለ ችግር ላይ ነው። የመከራት እንጂ እስክትናገር የጠበቃት አልነበረም።

የሚገርመኝ እኮ እንዴት እንደሚደረግ እናውቃለን። ለቅሶ ቤት አስቡ። ሰው ይገባል፣ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ሐዘንተኛዋ ስታወራ ትደመጣለች፣ ስታለቅስ ይለቀስላታል። በመጀመሪያው ቀን ማንም ተነስቶ «እንዲህ አድርጊ» አይላትም። በሕይወት ላለ ጭንቀትስ እንደዚያ መቀመጥ ለምን ያቅተናል? የሲዳማ ሽማግሌዎችም ነገር የሚያዩበት ሥርዓት ስሙ «አፊኒ» ነው፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት። ከፍርዱ በፊት መሰማቱ ይቀድማል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ስልካችሁን ከእጃችሁ አስቀምጡ። አታቋርጡ። ዝም ስትል ቶሎ አትሙሉት፤ ቀጣዩ ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። «ከዚያስ?» በሉ። የሰማችሁትን መልሱላት፦ «እንግዲህ በጣም የከበደሽ ለእናትሽ መንገሩ ነው?» ተሳስታችሁ ከሆነ ራሷ ታርማችኋለች። የራሳችሁን ታሪክ ለሌላ ቀን አቆዩት። «ምን ባደርግልሽ ይሻልሻል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ምክር አትጀምሩ። ፊት ለፊት ማውራት ለሚከብደው ሰው ደግሞ ሐይቁ ዳር ዳር አብሮ መራመድ ጥሩ ነው። በተለይ ወንዶች ጎን ለጎን ሲሄዱ አፋቸው ይፈታል።

«ወንድ ልጅ ችሎ ያልፈዋል»

ችሎ አያልፈውም፤ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይቅማል፣ ወይ ቤተሰቡ ላይ ይጮሃል።

«ቡና ላይ እናወራ የለ እንዴ?»

ቡናው መልካም ነው፤ እወደዋለሁ። ግን አቦል ላይ የተነገረ ምስጢር በረካ ሳይደርስ ሰፈር ከገባ ያ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ምስጢር የማይጠብቅ ሰው አዳማጭ አይሆንም። በቃ።

«ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው»

በከፊል ብቻ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት ታካሚያቸው ሕይወቷን አጠፋች። ቤተሰቧ እሳቸው ዘንድ የሚያመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥቶ ነበር። በዓመቱ ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 ሴት አያቶችን አሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሰው ይመጣል፣ አያቶቹ ይሰማሉ። ከዚያ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ ያግዙታል። «ድብርት» የሚል የሐኪም ቃል አያበዙም፤ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፣ ማሰብ ማብዛት። እኛ «ሐሳብ ገደለኝ» የምንለው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሏል። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው፣ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ያህሉ ናቸው። የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ግን 50 ያህሉ። ልብ በሉ፣ አያቶቹ ሠልጥነዋል። ማዳመጥ ይለመዳል፣ ይሠለጠንበታል። እኛ ስንት ዕድር አለን? በየዕድሩ ሁለት ምስጢር ጠባቂ እናቶች ቢሠለጥኑ ምን ያህል ሰው ያርፍ ነበር!

«ራስን ስለማጥፋት ከጠየቅሽ ሐሳቡን ታስገቢበታለሽ»

ይኼ ፍርሃት ሰው ያስገድላል። በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ይልቅ ብዙዎቹ «በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀኝ» ብለው እፎይ ይላሉ። ዙሪያውን አትዙሩ፤ «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በሉ። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዉአት። ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ። በዚያው ቀን ሪፈራል ሆስፒታልም ይሁን ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ምስጢር የማይጠበቅበት አንዱ ቦታ ይኼ ነው።

«ከተደመጠች መድኃኒት አያስፈልጋትም»

ይኼም ስህተት ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማት ወይም ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሴት ሐኪም ያስፈልጋታል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ መድኃኒቱን ብቻ አያቋርጥ። አዳማጩ እዚህ ላይ ያለው ሥራ አብሮ መሄድ ነው። «ሆስፒታል ሂጂ» ማለትና እጇን ይዞ ካርድ ክፍል መድረስ በጣም ይለያያል።

ያቺ ልጅም መድኃኒት አስፈልጓት ነበር። አከራይዋ በሁለተኛው ቀጠሮ አብረዋት መጥተው «ልጄ፣ ቤት ስንገባ ምን ልበላት?» አሉኝ። «ምንም አይበሏት፤ እንድታወራ ይጠብቋት» አልኳቸው። አሁን በየ15 ቀኑ ይመጣሉ፤ ሰልፉን የሚይዙላት እሳቸው ናቸው።