ሰምና ወርቅ፦ አባባሉን ከሊንክ ጋር ምን አገናኘው?

በአማርኛ የተሰየመ ገጽ ሊንክ ኮፒ አድርገው ለሰው ልከው ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ የሚነበበው ርዕስ ይጠፋና በመቶኛ ምልክት፣ በቁጥርና በላቲን ፊደል የታጨቀ ረጅም ነገር ይለጠፋል። ቫይረስ መስሎት የማይነካው ሰው ብዙ ነው። እኔን ግን «ሰምና ወርቅ» የሚለው አባባል ትዝ ይለኛል።

አባባሉ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍንና ቀዳዳ ይተውለታል። በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ብቅ ይላል። የቅኔ ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው ላይ ላዩን የሚሰማውን ትርጉም ሰም፣ ውስጥ ያለውን ወርቅ አሉት። ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ የሚሸከመው ቃል ኅብር ይባላል።

ወደ ሊንኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የድረ ገጽ አድራሻ (ሊንክ) ደንብ ያለ ምንም ሽፋን በነጻነት እንዲጻፉ የሚፈቅደው 66 ምልክቶችን ብቻ ነው፦ የላቲን ፊደላት ትልቁም ትንሹም፣ አሥሩ አኃዞችና አራት ምልክቶች። ፊደላችን እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰም ይለብሳል።

ሀን እንውሰድ። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ መዝገብ ቁጥሯ 4608 ነው። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ይህን ቁጥር በሦስት ባይት (ከ0 እስከ 255 ባሉ ትንንሽ ቁጥሮች) ይከፍለዋል፦ 225፣ 136፣ 128። እያንዳንዱ ባይት በ16 መሠረት ይጻፍና ፊቱ ላይ የመቶኛ ምልክት ይቀመጥለታል። 136 %88 ይሆናል፤ 128 ደግሞ %80። አንዷ ሀ ዘጠኝ ምልክት ሆነች ማለት ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ራሱ፣ መሃል ያለው ክፍት ቦታ %20 ሆኖ፣ 57 ምልክት ይወጣዋል። ያ የሚያስፈራው ሊንክ ይኸው ነው። ብራውዘሩ ሰሙን ሲያቀልጠው አማርኛው እንዳለ ይወጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ኅብሩ ነው። አድራሻ ውስጥ አንዳንድ ምልክቶች ሥራ አላቸው። / መንገዱን ይከፍላል፣ ? ጥያቄውን ይጀምራል፣ # ደግሞ ገጹ ውስጥ ያለ ቦታ ይጠቁማል። ከ# በኋላ ያለውን ብራውዘሩ ለራሱ ያስቀረዋል፤ ወደ ሰርቨሩ (ገጹን ወደሚያቀርበው ኮምፒውተር) አይልከውም። አሁን አንድ ፋይል «ምዕራፍ#3» ተብሎ ተሰየመ እንበል። ሊንኩ ላይ እንዲሁ ከተጻፈ ሰርቨሩ የሚጠየቀው «ምዕራፍ» የሚባል ፋይል ነው። 3 ቁጥር መንገድ ላይ ቀረች። ምልክቱ %23 ተብሎ ሲሸፈን ግን የስሙ አካል መሆኑ ይታወቃል። አንድ ምልክት፣ ሁለት ትርጉም። የቅኔ ሰው በኅብሩ ሁለቱንም ሊያሰማ ይፈልጋል። አድራሻ ግን አንዱን ቁርጥ አድርጎ መምረጥ አለበት፤ ሽፋኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰም በሰም ላይ ሲደረብስ? ይሄ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ያስለቅሳቸዋል። ክፍት ቦታው አንዴ %20 ሆኗል። ሌላ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ ደግሞ ይሸፍነዋል። የመቶኛ ምልክቱ ራሱ ሲሸፈን %25 ስለሆነ ውጤቱ %2520 ይሆናል። ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልጠውና ክፍት ቦታ በመጠበቅ ፈንታ %20 የሚል ጽሑፍ ያገኛል። እንዲህ የሚባል ፋይል ደግሞ የለም። ሊንክ ውስጥ %2520 ካያችሁ ነገሩ ሁለት ጊዜ መሸፈኑን ጠርጥሩ።

የዶሜይን ስም፣ ማለትም አድራሻው መጀመሪያ ላይ ያለው የድረ ገጹ ስም፣ በሌላ ሰም ነው የሚሸፈነው። ፑኒኮድ ይባላል፤ የተሸፈነው ስም በላቲኖቹ ኤክስና ኤን፣ ከዚያም በሁለት ሰረዝ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሩሲያ ጽሕፈት «አ» (а) ከላቲኑ a ጋር በዓይን አይለይም፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ነው። አጭበርባሪ አንዷን ፊደል ቀይሮ የታወቀ ድርጅት የሚመስል ስም ሊያስመዘግብ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ብራውዘሮች የተለያየ ጽሕፈት የተቀላቀለበት ስም ሲያጋጥማቸው ቆንጆውን መልክ ትተው ሰሙን እንዳለ የሚያሳዩን።