የድርጅት ተልዕኮና ራዕይ ምንድን ነው? ከበር ሰሌዳ እስከ ቃለ ጉባኤ

ተልዕኮ አንድ ድርጅት ለማን፣ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ራዕይ ደግሞ ያ ሥራ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የት ሊያደርስ እንደታሰበ ይናገራል። ተልዕኮው ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት የሚጀመር ሥራ ነው፤ ራዕዩ ገና አልተደረሰበትም፣ የተደረሰበት ቀን በሌላ ይተካል። ከሁለቱ ጎን የሚሰለፉት እሴቶች ሥራው ሲሠራ የማይጣሱ የጠባይ ደንቦች ናቸው። ሦስቱም አንድ ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፉ አንድ ነገር ይመስላሉ እንጂ የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው።

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው እነዚህን ቃላት በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያገኛቸዋል። ልማዱ የሰፋው ከሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ጋር ነው። መጀመሪያ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥሩ መለወጥ)፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) መጣ፤ አሜሪካውያኑ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ ያስተዋወቁት ቢኤስሲ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሲተገበር የሚጀምረው ተልዕኮን፣ ራዕይንና እሴትን ከመጻፍ ነው። ስለዚህ ብዙው ጽሑፍ የተጻፈው ተፈልጎ ሳይሆን ቅጹ ስለጠየቀ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ያሳብቃል። ሰሌዳው «በ2012» ካለ ዓመቱ የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ ነው፤ «በ2017» ካለ ኢትዮጵያ መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ ትሰለፋለች የተባለበት ዓመት ነው፤ «በ2022» ካለ የአሥር ዓመቱ መሪ የልማት ዕቅድ መጨረሻ ነው። የአገር ዕቅድ የሚያልቅበት ዓመት የአንድ እህል ማኅበር ራዕይ የሚያልቅበት ዓመት የሚሆንበት ምክንያት ግን የለም። ዘመኑ ያለፈበት ሰሌዳ ሳይነሳ መቆየቱም የውስጥ ሠራተኛው ራሱ እንደማያነበው ይመሰክራል።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? የሚታየው ገንዘብና ሰው ሲያጥር ነው። ለአመራር ኮሚቴ መጥፎ ሐሳብ እምብዛም አይቀርብም፤ የሚያስቸግረው የሚቀርበው ሁሉ ጥሩ መሆኑ ነው። ከጥሩዎቹ መካከል የትኛው የእኛ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ አስቀድሞ ያልተስማማ ድርጅት በየስብሰባው እንደ አዲስ ይከራከራል። የሥራ አመራር ምሁሩ ፒተር ድራከር በ1954 እ.ኤ.አ «ሥራችን ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሥራ አመራር መነሻ ያደረገው ለዚህ ነው። ጽሑፉ ብቻውን ተአምር አይሠራም። የ20 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ፣ በ2011 እ.ኤ.አ የታተመ ትንተና በተልዕኮ ጽሑፍና በድርጅት ውጤት መካከል ያገኘው ግንኙነት አዎንታዊ ቢሆንም ትንሽ ነው። ቢበዛ የሚጠበቀውም ያ ነው፤ ደሞዝ በወቅቱ የማይከፍል፣ ሒሳቡ የማይዘጋ ድርጅት በጥሩ ዓረፍተ ነገር አይድንም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ቢቸና አካባቢ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል ነው። ሰሌዳው ላይ «የአባላትን ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት በማረጋገጥ ቀልጣፋ፣ ውጤታማና ፍትሐዊ አገልግሎት መስጠት» ተብሎ ተጽፏል። ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ ቀረበ፦ አይሱዙ ይገዛ፣ ከተማ ላይ ምግብ ቤት ይከፈት፣ መጋዘኑ ይስፋ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ጽሑፉ ሦስቱንም ይፈቅዳል፤ «ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት» ውስጥ የማይገባ ነገር የለምና። ክርክሩ በሰብሳቢው ዝንባሌ ወይም በተናጋሪው አንደበት ይቋጫል።

ይኸው ማኅበር ተልዕኮውን እንዲህ ቢጽፈውስ? «አባሎቻችን ያመረቱትን ጤፍና ስንዴ በትክክለኛ ሚዛን ተረክበን፣ አበጥረንና በደረጃ ለይተን፣ አባሉ በግሉ ገበያ ወስዶ ከሚያገኘው በተሻለ ዋጋ እንሸጣለን፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም ከዘር ወቅት በፊት እጁ እናስገባለን።» አሁን መጋዘኑን ማስፋት ከተልዕኮው ውስጥ ገባ። ጤፍ ከአውድማ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚያወጣው ዋጋው ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ይወጣል፤ እህል ይዞ መቆየት የማይችል ማኅበር «በተሻለ ዋጋ» ያለውን ሊፈጽም አይችልም። ምግብ ቤቱ ትርፋማ ቢሆን እንኳ ውጭ ነው። አይሱዙው መሐል ላይ ቆመ፦ የአባላትን እህል ከየቀበሌው ወደ መጋዘን ካመላለሰ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ለኮንትራት ጭነት ከተከራየ ውጭ ነው። ስለዚህ ለመግዛት ቢወሰን እንኳ ቃለ ጉባኤው ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት መኪናው በቅድሚያ የአባል እህል እንዲጭን ማስገደድ አለበት። ጥሩ ተልዕኮ እንዲህ ነው፤ «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ሁኔታ ከሆነ» ማለትም ያስችላል።

ሳይታወቅ የሚመጣውን መንሸራተትም የሚያሳየው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው። የአባሉን ጤፍ ከየጎጡ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ቆርጦ መረከብ አድካሚ ነው፤ ከአንድ ነጋዴ 200 ኩንታል በአንድ ቀን መግዛት ይቀላል። ሥራ አስኪያጁ ቀላሉን ይመርጣል፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ትርፍ ይታያል፣ ሪፖርቱም ያምራል። አባሉ ግን ጤፉን ያው እንደ ድሮው ለነጋዴው እየሸጠ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ከነጋዴው ይገዛል። «አባሎቻችን ያመረቱትን» የሚለው ሐረግ ተጽፎ ከሆነ የቁጥጥር ኮሚቴው አንድ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፦ ከተገዛው እህል ስንት በመቶው ከአባል ነው?

እንደ ቆጋ ባለ መስኖ ላይ ሌላ መልክ ያለው ችግር ሊነሳ ይችላል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ መስኖ ላይ ያው አንዱ ገበሬ የሁለት ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል፦ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር። የመጀመሪያው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሲሆን ሥራው ውኃ ማከፋፈል፣ ቦይ ማስጠረግና መጠገን ነው። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሥር ሆኖ ግብዓት ያቀርባል፣ ምርት ይሸጣል። የሽንኩርት ዋጋ በወደቀ ዓመት ጥያቄው ለቅርቡ፣ ማለትም ለውኃ ማኅበሩ ይቀርባል፤ «ገበያ ፈልጉልን» ይባላል። የውኃው ኮሚቴ ገበያ ፍለጋ ሲሯሯጥ የቦይ ጠረጋው ይዘገያል፣ ደለል ይሞላል፣ ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ውኃ ሳይደርሰው ተራው ያልፋል። የሁለቱ ተልዕኮ ለየብቻ፣ በማይደራረብ ቋንቋ ከተጻፈ ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ይመራል።

ራዕይ ላይ የሚሠራው ስህተት ከዚህ ይለያል፤ የሚበዛው ማጋነን ነው። የወረዳ ማኅበር «በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ» ለመሆን ሲመኝ ማንም አይቃወምም፣ ማንም ደግሞ ሰኞ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ራዕይ 2025» (እ.ኤ.አ) የሠራው ከዓመተ ምሕረቱ ጎን የአውሮፕላን፣ የመንገደኛና የገቢ ቁጥር ስለነበረው ነው፤ እንደደረሰበትም ወደ «ራዕይ 2035» ተሻግሯል። ለቢቸናው ማኅበር ልኩ «በ2023 ዓ.ም አባሎቻችን ገበያ ከሚያወጡት ከሁለት ኩንታል ጤፍ አንዱ በማኅበራችን በኩል ይሸጣል» ዓይነት ነው።

ይህን ለመጻፍ አስቀድሞ ዛሬ ያለበትን ማወቅ ግድ ነው። ዛሬ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ከሆነ በአምስት ዓመት ግማሽ ለመድረስ በየዓመቱ ስምንት በመቶ ነጥብ መጨመር አለበት። አባላቱ በዓመት 6,000 ኩንታል ጤፍ ገበያ ያወጣሉ ከተባለ ግማሹ 3,000 ነው፤ መጋዘኑ 1,000 የሚይዝ ከሆነ ወይ በዓመት ሦስት ጊዜ መሙላትና ማራገፍ፣ ወይ ማስፋት ነው። ሦስት ጊዜ ማራገፍ ማለት ደግሞ ዋጋ እስኪወጣ ጠብቆ ለመሸጥ አለመቻል ነው። የግዢ ገንዘቡም፣ ባንክ የሚጠየቀው ብድርም ከዚህ ይሰላል። ቁጥር የሌለው ራዕይ ይህን ስሌት አይወልድም።

አጻጻፉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ሰው ማሰባሰቡ ነው። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰው ይበቃል። የሥራ አመራር ኮሚቴውና የቁጥጥር ኮሚቴው ወኪሎች ይኖሩበታል፤ ንብረት ክፍሉ አይቀርም፣ የአባሉን ምሬት ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የሚሰማ እሱ ነውና። ሴት አባላት ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዲት ብቻ ስትሆን ሳትናገር ትወጣለች። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ የሚዘነጋው ሰው ነው፦ አባል ሆኖ እህሉን ለማኅበሩ መሸጥ ያቆመ። ለምን እንዳቆመ የሚናገረው ከማንኛውም ባለሙያ ሰነድ ይበልጣል።

በመጀመሪያው ግማሽ ቀን ስለ ቃላት አይወራም። ማኅበሩ ነገ ቢዘጋ ማን ምን ያጣል? ያንን ሌላ ማን ሊሰጠው ይችላል? ባለፉት ሁለት ዓመታት የከፋው ጭቅጭቅ በምን ላይ ነበር? መልሱ ሁሉ እንደተነገረ ይጻፋል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል አባል ካለ ሌላው ይጽፍለታል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ቁጭ ብሎ ያረቅቃል። አሥራ አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያረቅቅ እያንዳንዱ አንድ ቅጽል ይጨምርና «ቀልጣፋ፣ ውጤታማ፣ ፍትሐዊ፣ ዘላቂ፣ ሁሉን አቀፍ» የሚለው ሰልፍ ይወጣል። ተልዕኮው ከ20 እስከ 35 ቃል፣ ራዕዩ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ሰው ሊይዘው ይችላል።

በሁለተኛው ስብሰባ ረቂቁ ይፈተናል። ቅጽሎቹን ሁሉ ሰርዞ የቀረውን ማየት አንዱ መንገድ ነው፤ የቀረው «አገልግሎት መስጠት» ብቻ ከሆነ ገና አልተጻፈም። በማኅበሩ ስም ቦታ የጎረቤቱን ጤና ጣቢያ ስም ማስገባትም ያሳያል፤ ከገጠመ ጽሑፉ የማንም ነው። ዋናው ፈተና ግን የቃለ ጉባኤ መዝገቡን አውጥቶ ያለፈው ዓመት በጣም ያከራከሩትን ሦስት አጀንዳዎች መምረጥና ረቂቁ በእጃችን ቢሆን ኖሮ የትኛው ይወሰን ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስቱንም የሚያሳልፍ ረቂቅ ይጠበባል፤ ሦስቱንም የሚከለክል ረቂቅ ይሰፋል። ይህን ፈተና የሚዘሉት በተለይ አማካሪ ቀጥረው ያስጻፉ ድርጅቶች ናቸው፤ አማካሪው መዝገቡን ስለማያውቀው ከሌላ ድርጅት ሰነድ የቀዳውን ስም ለውጦ ቢያስረክብም የሚለይ የለም።

ስለ እሴቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ፤ አሥር ሲሆኑ ማንም አያስታውሳቸውም። «ታማኝነት» ከማለት «አባሉ ራሱ ሚዛኑን ሳያይ እህል አንረከብም» ማለት ይሻላል፤ ሲጣስ ይታያልና።

ከዚያ በኋላ ሰነዱ ከዕቅዱ ጋር መታሰር አለበት። ሥራ አስኪያጁ ለጉባኤው የሚያቀርበው ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ከእያንዳንዱ ወጪ አጠገብ የትኛውን የተልዕኮ ክፍል እንደሚያገለግል በአንድ መስመር ይጻፍ። መስመሩ ሊሞላ ያልቻለ ወጪ ወይ ይወጣል፣ ወይ በግልጽ ክርክር ይፈቀዳል። ራዕዩ በየዓመቱ ከቁጥሩ አንጻር ይገመገማል፤ በአጋማሹ ዓመት ከግማሽ በታች ከተሄደ ቁጥሩን ዝም ብሎ ከማሳነስ በፊት ምክንያቱ ይፈተሽ፤ መጋዘን ነው? የአባል እምነት ነው? የገንዘብ እጥረት ነው?

ሁሉም ማኅበር ይህን ሁሉ ይፈልጋል ማለት አይደለም። የሰፈር እድር ሥራው ቀብርና ሐዘን መሆኑን ሁሉም አባል ያውቃል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለማን እንደሚወጣ፣ መዋጮው ስንት እንደሆነ ደንቡ ላይ አለ። ጽሑፍ የሚያስፈልገው እድሩ ብድር መስጠት፣ ሕንፃ መሥራት ወይም ወፍጮ መትከል ሲያስብ ነው፤ ያኔ የለቅሶ ገንዘብ ለሌላ ሊውል ነውና።

አንድ ሕጋዊ ነጥብ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ «ዓላማ» የሚል ክፍል አለው፤ ሕግ ፊት የሚቆጠረውም እሱ ነው እንጂ የበር ሰሌዳው አይደለም። አዲሱ ተልዕኮ ከዚያ ዓላማ የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ እህል ብቻ ይሸጥ የነበረ ማኅበር ዱቄት ፋብሪካ ሊተክል ከሆነ፣ መጀመሪያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል፤ ማሻሻያው የሚጸናውም በመዝጋቢው አካል ሲመዘገብ ነው። ሰሌዳውን ማስጻፍ ከዚያ በኋላ የሚደርስ ነገር ነው።