ኒሻን ምንድን ነው?

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ፈንጠር ብሎ፣ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ተደርድረዋል። በቀደም አንዱ ጋ ጎራ ብዬ የመስታወት ሣጥኑን ሳይ፣ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአንገት መስቀሎች መሀል አንድ አሮጌ ኮከብ ዓይኔ ገባ። ሪባኑ ነትቧል፤ መርፌው ዝጓል። «የማን ነበር?» አልኩት ባለሱቁን። «እሱን አላውቅም ወንድሜ፣ ዋጋውን ጠይቀኝ።»

ባለሱቁ የሚሸጠው ብረቱን ነው። ኒሻን ግን መንግሥት አንድን ሰው ለሠራው ሥራ በመዝገብ አስፍሮ የሚሰጠው የክብር ደረጃ ነው፤ ኮከቡም ሪባኑም የዚያ ደረጃ ምልክት ናቸው። ቃሉ ራሱ ከፋርስ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ምልክት ማለት ነው። የተኩስ ኢላማን ኒሻን የምንለውም ከዚያው ነው።

ከሜዳይና ከሽልማት ጋር እየተምታታ ያስቸግራል። ሜዳይ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጀብዱ ወይም በአንድ ዘመቻ ለመሳተፍ ይሰጣል። ሽልማት ገንዘብም ዋንጫም መኪናም ሊሆን ይችላል። ኒሻን ደረጃ አለው፤ ሰው ከታችኛው ጀምሮ ወደ ላይኛው ከፍ ሊልበት ይችላል። የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ለምሳሌ 5 ደረጃዎች ነበሩት።

በድሮው አገራችን መሸለም ማለት ማልበስ ነበር፦ ካባ፣ ለምድ፣ እጀ ጠባብ። ዛሬም በየመድረኩ ካባ የምንደርበው ያ ልማድ ስላልለቀቀን ይመስለኛል። የኒሻኑን ሥርዓት አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰሎሞን ማኅተም በተባለው ኒሻን ጀመሩት፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የኢትዮጵያ ኮከብን አቋቋሙ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻኖች ተጨመሩ፤ በ1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ የሥላሴ ኒሻን መጣ። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲመለስ የኢትዮጵያ ኮከብ ደረቱ ላይ ተደርጎለታል። ለኪነ ጥበብና ለምርምር ሰዎች በ1950ዎቹ ራሱን የቻለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ቆመ፤ አፈወርቅ ተክሌንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሸለመው እሱ ነው። ዘውዱ ሲወድቅ ይህ ሁሉ አብሮ ወደቀ። ደርግም የራሱን ሜዳዮች አወጣ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ደረት ላይ የሚሰካውም ይለወጣል።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ኒሻንና ሽልማት የመስጠቱን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ የሚሰጡትም በሕግ መሠረት ነው። እኔ ክብደት የምሰጠው ለዚህች «በሕግ» ለምትል ቃል ነው። ማን ይጠቁማል? ማን ይመርጣል? በዓመት ስንት ሰው? ተሸላሚው ኋላ ወንጀለኛ ሆኖ ቢገኝስ? በፈረንሳይ ናፖሊዮን በ1802 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የክብር ሌጌዎን የተባለ ኒሻን የሚነጠቅበት ሥርዓት አለው። በእንግሊዝ ማንኛውም ሰው ጎረቤቱን መጠቆም ይችላል፤ የተመረጠውም ሰው ስሙ ይፋ ሳይሆን በፊት ይጠየቃል፤ አልፈልግም ካለ በዚያው ይቀራል።

እኛ ዘንድ ቦታውን ሌላ ነገር ሲሞላው ኖሯል። ሯጮቻችንን በወታደርና በፖሊስ ማዕረግ አከበርናቸው፦ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል። ዩኒቨርሲቲዎች በምረቃ ሰሞን የክብር ዶክትሬት ያድላሉ፤ አንዳንዱ ተሸላሚ ከማግስቱ ጀምሮ «ዶክተር» በሉኝ ማለቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ መምህሩንም ሳይንቲስቱንም ሸልሟል፤ ዕድሉን ካገኘ ሕዝቡ ሰው መጠቆም እንደማይሰንፍ ያየነው እዚያ ነው። ያ ግን የግል ተቋም ሥራ እንጂ የመንግሥት ኒሻን አይደለም።

ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ብትቆሙ ሜዳይና ኒሻን የደረደሩ ሰዎች ታያላችሁ። አርበኞቹ እያለቁ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ የአባታቸውን አድርገው የመጡ። ኒሻን እንደ ርስት አይወረስም፤ ለልጅ የሚተርፈው ብረቱና ወረቀቱ ነው። አምና አንዲት እናት ካኪ ኮታቸው ላይ 4 ሰክተው አየሁና የቸርችሉ ኮከብ ትዝ ብሎኝ ጠየቅኋቸው።

«የማን ነው እማማ?»

«የአባቴ ነዋ! ወረቀቱም አለ፤ ከነማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ነው።»